ከቢጫው ክብ ውጭ

በግርጌ ከተማ ጠዋት መሆኑ የሚታወቀው መብራቶቹ ሲደምቁና የግድግዳ ለኪዎቹ ቅባት በየኮሪደሩ መሽተት ሲጀምር ነው። ፀሐይ እዚያ ድረስ አትወርድም። ከላይ የሻላ ሐይቅ ውኃ ተጭኗል፣ በዙሪያውም ያው ውኃ ነው፤ በውኃውና በሰዉ መካከል ያለው አንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። የከተማው ሰው ስለ ግድግዳው ማሰብ ካቆመ ቆይቷል። ልጆች ኳስ ያነጥሩበታል፣ ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን ሰቅሎበታል፣ ሥራ የፈታ ሁሉ ጀርባውን አስደግፎ ሰው ያማበታል። ስለ ግድግዳው እንዲያስቡ የተመደቡት ለኪዎቹ ናቸው፤ ከእነሱም መካከል አስባ የማትጠግበው ስንቅነሽ ነበረች።

ሥራው ላየው ሰው ቀላል ነው። በግድግዳው ላይ በየርቀቱ ቢጫ ክብ ተቀብቷል። ለኪዋ ክቡን ዝልግልግ ቅባት ትቀባለች፣ አውራ ጣት የምታህለውን ዳሳሽ ትጫናለች፣ ዳሳሿም የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ወደ ብረቱ ትሰዳለች። ድምፁ ብረቱን አቋርጦ ይሄድና ውኃው ከሚነካው ከወዲያኛው ፊት ተጋጭቶ ይመለሳል። ድምፅ በብረት ውስጥ የሚሮጥበት ፍጥነት ይታወቃል፤ ሄዶ ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ሲለካ የግድግዳው ውፍረት በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ይወጣል። መብሳት የለ፣ መቁረጥ የለ። ቅባቱ የሚያስፈልገው በዳሳሿና በብረቱ መካከል አየር እንዳይገባ ነው፤ የፀጉር ያህል አየር ከገባ ድምፁ እዚያው ይሞታል። ስንቅነሽ ለአዲስ ለኪዎች መጀመሪያ የምትነግራቸው ይህንኑ ነበር፤ ብረት ሳይነኩት አይመልስም ትላቸዋለች።

ደግሞም ተራ ብረት አይደለም። መሐንዲሶቹ ሕያው ብረት ይሉታል። ከአቧራ ያነሱ መሣሪያዎች በውስጡ ይኖራሉ፤ ብረቱን እያጓጓዙ የሳሳውን ያወፍራሉ፣ የተሰነጠቀውን ይደፍናሉ። የከተማው ሰው ጉንዳኖች ይላቸዋል። የሻላ ውኃ ሶዳው ኃይለኛ ስለሆነ ብረቱን ከውጭ ይበላል፣ ጉንዳኖቹ ከውስጥ ይጠግናሉ፣ ለኪዎቹ ደግሞ ማን ማንን እየቀደመ እንደሆነ ይከታተላሉ።

ያን ሰሞን ስንቅነሽ ሥራ ቦታም ቤትም ዕረፍት አልነበራትም። የቤቷን ነገር ለሰው መንገር አትወድም፤ እኛ ግን እንናገረዋለን፤ ከባሏ ከገመቹ ጋር ተኮራርፈው ነበር። የገመቹ እናት ተዝካር ሲወጣ ዘመድ ሁሉ አርሲ ነገሌ ተሰብስቦ፣ እሷ ተረኛ ነኝ ብላ ቀረች። ገመቹ ብቻውን ወጥቶ ብቻውን ተመለሰ። በሩ ላይ ቆሞም፣ ያገባሽው እኔን ሳይሆን ብረቱን ነው አላት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሰው ድምፅ አልተሰማም።

ድሮ ኩርፊያ ወግ ነበረው። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ "ንገሪው"፣ "ንገሪያት" የምትባል ጎረቤት አትጠፋም፤ እሷም ክፉውን እየዋጠች ደጉን እያደረሰች ሳይታወቅ ታስታርቃቸዋለች። በግርጌ ግን የየቤቱ ማቀዝቀዣ በር ላይ የጽሑፍ ሰሌዳ አለ። "ወጥ አለ" ይላል አንዱ። "ማጣሪያው ተቀይሯል" ይላል ሌላው። ሰሌዳው ምንም አይውጥም፣ ምንም አይጨምርም፣ አይሰለችምም። ገመቹ የእንፋሎት ማመንጫው የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ስለሆነ ቀን ቀን ይተኛል፤ ፍራሹንም ከመኝታ ቤት አውጥቶ ጓዳ ውስጥ፣ ከውጭው ግድግዳ ሥር አነጠፈው። ስንቅነሽ ያንን ባየች ቀን በጣም ከፋት። እሱ ይጀምር ብላ ጠበቀች። እሱም እሷን እየጠበቀ ነበር።

ነገሩ የተገለጠው በመዝገብ ቤቱ ኮሪደር ነው። ስንቅነሽ ክቡን ቀብታ ዳሳሿን ስትጫን ሰሌዳው ስድሳ ሁለት ሚሊሜትር አለ። ግድግዳው አዲስ ሳለ ስድሳ ነበር። ሌሎቹ ለኪዎች እንዲህ ያለ ቁጥር ማየት ከጀመሩ ሰነባብተዋል፤ ጉንዳኖቹ በረቱ ብለው ደስ ብሏቸው ያልፉታል። እሷ ግን ሶዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚወፍር ብረት በሬ ወለደ ሆነባት።

መጀመሪያ የጠረጠረችው መሣሪያዋን ነው። ድምፅ በብረቱ ውስጥ የሚሮጥበት ፍጥነት ተለውጦ ከሆነ፣ መሣሪያው በድሮው ፍጥነት እያባዛ ሳያውቀው ይዋሻል። ከዚያው ሕያው ብረት የተቆረጠውን፣ ውፍረቱ አስቀድሞ የታወቀውን የማመሳከሪያ ቁራጭ ከቦርሳዋ አውጥታ ለካችው። ልክ ነው። ቅባቱን ጠርጋ ሌላ ቀባች፣ ገመዱን ቀየረች፣ በግራ እጇ ሞከረች። ያው ስድሳ ሁለት። ይዟት የከረመው ዕረፍት ማጣት እጇ ላይ ወርዶ ነው መሰለኝ ስትቸኩል ዳሳሿ በቅባቱ ላይ አዳለጠቻትና ከክቡ አንድ ስንዝር ወጣች። ሰሌዳው አርባ አንድ አለ።

ከክቡ ውጭ መለካት በለኪዎች ዘንድ ነውር ነው። የዘንድሮው ልክ ከአምናው ጋር የሚነጻጸረው ቦታው አንድ ሲሆን ብቻ ነውና፣ ጎበዝ ለኪ የሚባለው እጁ ከክቡ ዝንፍ የማይል ነው። በየዓመቱ በዚሁ ይወዳደራሉ፤ ስንቅነሽም አሸንፋ ታውቃለች። በዚህ ጉብዝና ምክንያት ከተማው ከተሠራ ጀምሮ ከክቡ ውጭ ያለውን ግድግዳ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሌላ ስንዝር ራቅ ብላ ቀብታ ለካች። ሠላሳ ዘጠኝ። እንደገና ወደ ክቡ ተመለሰች። ስድሳ ሁለት። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን አወጣች።

የለኪዎቹ ኃላፊ ኢንጂነር ዘውገ፣ ክቦቹን በወጣትነቱ ያስቀባው እሱ ራሱ ነው፤ ስትጠራው ፈጥኖ መጣ። አልተከራከራትም። ዳሳሿን ተቀብሎ ተንበርክኮ ለካ፣ ቀጥሎ እጁን በጨርቅ ለረጅም ጊዜ ጠረገ። ሃያ አምስት ላይ ከደረሰ ግድግዳው ውኃውን እንደማይችለው ሁለቱም ያውቁታል፤ እሱ ግን ለራሱ የሚነግር ይመስል ጮክ ብሎ ተናገረው። ከዚያም ከግንባታው ዘመን ጀምሮ መጋዘን የተጣለችውን፣ ግድግዳ ላይ እየተሳበች የምትለካውን እንሽላሊት የተባለች ማሽን አስወጣ። መላውን ከተማ አንድ ጊዜ ዙራ እንድትለካ ላካት።

የእንሽላሊቷ ሥዕል ወደ ቀትር ላይ ደረሰና በዘውገ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ፤ ወፍራሙ በሰማያዊ፣ ስሱ በቀይ። ቢጫ ክቦቹ ያሉበት ሁሉ እንደ እባጭ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ያ የተጠበቀ ነበር። ያልተጠበቀው ክብ የሌለባቸው ሰማያዊ ቦታዎች ናቸው። ልጆች ኳስ የሚያነጥሩበት ግድግዳ፣ ፀጉር ቤቱ፣ የሻይ ቤቶቹ ረድፍ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ደጃፍ፣ ሐሜተኞቹ ጀርባቸውን የሚያሳርፉበት ጥግ ሁሉ ሰማያዊ ነው። መዝገብ ቤቱ፣ መጋዘኖቹ፣ ሰው የማይቆምባቸው መተላለፊያዎች ቀይ ናቸው። ስንቅነሽ ሥዕሉን ደጋግማ ከዳር እስከ ዳር አየችው።

"ወደ ድምፅ ነው የሚሄዱት፣ ኢንጂነር" አለች።

ዘውገ ወዲያው ገባው። ጉንዳኖቹ ሲሠሩ የተነገራቸው አንድ ነገር ነው፤ የሚሰነጠቅ ብረት ይጮኻል፣ ጩኸቱ ወደሚመጣበት ሩጡ። ሁሉም ፓምፖቹ ላይ እንዳይከመሩ፣ ከማሽንና ከድምፅ ማጉያ የሚወጣውን በውስጡ እዝዝ በሚለው የኤሌክትሪክ ድምፅ ለይተው እንዲንቁት ተደርገዋል። የለኪዎቹ ዳሳሽ ግን ልክ እንደሚሰነጠቅ ብረት ነው የምትጮኸው። ለኪዎቹ በየጠዋቱ ክቦቹን ሲጠይቁ ጉንዳኖቹ ከሌላው ቦታ ብረት እየነቀሉ ክቦቹን ሲያበሉ ኖረዋል። ሰውም እንዲሁ ነው። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሲያወራ፣ ሲስቅ፣ ሲጨቃጨቅ፣ ድምፁ አየር ሳያገኘው በአጥንቱ በኩል ብረቱ ውስጥ ይገባል። ሶዳው ግን ሲበላ ድምፅ የለውም። በዝምታ በሚበላው ቦታ የሚጠራቸው ስላልነበረ ማንም ጉንዳን አልሄደም።

ሁለቱም ዝም አይነቅዝም እየተባሉ ያደጉ ሰዎች ናቸው። ይነቅዛል ለካ አለ ዘውገ፤ ቀጥሎ ጣቱን ከሥዕሉ ሁሉ ደም በመሰለችው ቀይ ነጥብ ላይ አሳረፈ። በመኖሪያ ሰፈሩ መካከል ናት። በግራዋ ስድስት ልጆች የሚተራመሱበት ቤት አለ፣ በቀኟ አንድ የሠርግ ዘፋኝ ሲለማመድ ይውላል። ሁለቱ ሰማያዊ ሆነው ከመካከላቸው ያለውን ቤት ብረት ከሁለት ወገን ጨልፈውታል። የነጥቧ ልክ ሃያ ስምንት ነበር።

"ይሄ የማን ቤት ነው?" አለ።

"የኔ ጓዳ ነው" አለችው። "ገመቹ እዚያ ተኝቷል።"

ዘውገ ስልኩን አነሳ። ገመቹ ሲተኛ ስልኩን እንደሚዘጋ፣ ወደ ቤቱ መልእክት የሚደርሰው በማቀዝቀዣው ሰሌዳ ብቻ እንደሆነ ነገረችው፤ ሰሌዳው ደግሞ ማንንም አይቀሰቅስም። ግድግዳው ከተበሳ የሰፈሩ በሮች በራሳቸው ይዘጋሉ፤ ከውስጥ የቀረ ቀረ ነው። ዘውገ የሰፈሩ ሰው ባስቸኳይ እንዲለቅ አዘዘ፣ ለኪዎችም ዳሳሽ ይዘው ጓዳው ውስጥ ጉንዳን እንዲጠሩ ሊልክ ሲል ስንቅነሽ ከለከለችው። ዳሳሽ የምትጠራው አውራ ጣት ወደምታህል ቦታ ነው፤ አንዱን እባጭ ለማወፈር ዙሪያውን ታሳሳዋለች። የሚያስፈልገው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ሰፊ ጀርባና የማያቋርጥ የሰው ወሬ ነው። ብረቱ አልጠፋም፤ የሚጠራው ሰው አጥቶ ሌላ ቦታ ተከማችቷል እንጂ። ዘውገ ሌላ ሰው ልላክ ሲላት ከቢሮው ወጥታ ነበር።

መንገዱን ሩጫ በለው፣ እርምጃ በለው፤ ያደረሳት ምን እንደሆነ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ያመነችውን ግድግዳ በግራም በቀኝም እየፈራች አለፈችው። ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው በተቃራኒው ይመጣሉ። ሥራ የሌለው ሁሉ ሰው ወደማይቆምበት መተላለፊያ ሄዶ ጀርባውን አስደግፎ እንዲያወራ በየኮሪደሩ ድምፅ ማጉያ ይነገራል። መጀመሪያ የሳቀ ሳቀ፤ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ መዝገብ ቤቱ አጠገብ ቆመው ስለ ሞተች በቅሏቸው ለማያውቁት ሰው መተረክ ሲጀምሩ አየች። እሷ ግን የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገብታ ምን እንደምትለው።

ገመቹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ሰው ካልጠሩት አይነሳም፤ መጥራት ማለት ደግሞ መጀመር ማለት ነው። ስንቅነሽ ሐይቁ በሙሉ ከዚያ ስስ ብረት ጀርባ መቆሙን እያወቀች፣ የጓዳው በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ። ውኃ ሊገባበት ነው፣ እሱ ማን ይቅደም ይላል። በመጨረሻ ዳሳሿን ቀብታ ግድግዳው ላይ አስነካች። ሃያ ሰባት። ብረቱ እዚያው ፊቷ ቆሞ እየቀነሰ ነበር።

"ገመቹ" አለች።

ዓይኑን ገልጦ አያት። ለረጅም ጊዜ ያልሰማው ድምፅ ስለሆነ ሕልም ሳይመስለው አልቀረም። ሲነቃ ግን ፊቱ ተመልሶ ተዘጋና በጣቱ ወደ ማቀዝቀዣው አመለከታት። እዚያ ጻፊው ማለቱ ነው።

"አልጽፍም" አለች። "ግድግዳው አልቋል፤ ከጀርባህ ነው ያለው። ጀርባህን አስደግፍና አውራኝ።"

ገመቹ እንፋሎት አጠገብ የሚያድር ሰው ነው፤ የብረት ነገር ቀልድ እንደሌለበት ያውቃል። ሚስቱም በብረት ቀልዳ እንደማታውቅ ያውቃል። ምንም ሳይጠይቅ ተነስቶ ጀርባውን ለጠፈ። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ለጠፈች። የሐይቁ ቅዝቃዜ በልብሳቸው ዘልቆ ገባ። ጉንዳኖቹ ድምፅ እንደሚሰሙ፣ ዳሳሿ እንደምትጮህ፣ ግድግዳው ለምን እንደሳሳ በጥድፊያ ነገረችው። ነግራ ስትጨርስ ግን ሁለቱም ዝም አሉ። የሚያስፈራው እሱ ነበር፤ ሥራ ነክ የሆነው ሲያልቅ የሚባል ነገር ጠፋ።

"ምን ልበል?" አለ ገመቹ።

"የፈለግከውን።"

"የፈለግኩትን ከሆነ" አለ። "እናቴ የሞተች ቀን ስንቅነሽ መጣች ወይ ስትል ነበር። እየመጣች ነው አልኳት።"

ስንቅነሽ ይህን ሰምታ አታውቅም። ለምን አልነገርከኝም አለችው፣ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ አላት። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ሁሉ መጻፍ አያስፈልግም። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ከተዝካሩ ተነስተው የተረሳ ነገር ሁሉ ቀሰቀሱ፣ እሱ የእሷን እህት አነሳ፣ እሷ የእሱን አጎት አነሳች። በመካከል ዳሳሿን ለአፍታ አስነካቻት። ሠላሳ። ጉንዳኖቹ የጠብና የፍቅርን ልዩነት አልተማሩም፤ ሰው ሰው ላይ ሲጮህ ሰምተው ከዘፋኙም ከስድስቱም ልጆች ግድግዳ ብረት እየተሸከሙ መጡ።

"ተረኛ ነበርኩ ያልኩት እውነት ነው" አለች ድምፅዋ ሲደክም። "መቀየር ግን እችል ነበር። እናትህ በገባሁ ቁጥር ብረቱ ዛሬ ምን አለሽ ይሉኝ ነበር፤ ሰው እንደሚጠየቅ። ይህን የሚጠይቀኝ በሌለበት ቤት መግባት አቃተኝ።"

"እኔስ?" አለ ገመቹ። "እኔ እኮ እዚያ ቤት ብቻዬን ነው የገባሁት።"

አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ፤ ጀርባቸውን ግን አላላቀቁም። ልቅሶም በአጥንት በኩል ያልፋል። ከዚያ ወሬው እየቀዘቀዘ ሄደ። ተዝካሩ ላይ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ የአጎቱ በሬ ድንኳኑን እንዴት እንደገነጠለ ነገራት፤ ሳታስበው ሳቀች። ዘውገ በመካከል ደውሎ የሰፈሩ ሰው መውጣቱን፣ መላው ከተማ በየመተላለፊያው ጀርባውን ለጥፎ እየለፈለፈ መሆኑን፣ ቀዩ ሥዕል እየደበዘዘ መምጣቱን ነገራት። አርባ ሲሞላ እነሱም ወጥተው እንዲያርፉ አዘዘ።

ስልኩን ዘግታ ትእዛዙን ለገመቹ ከነገረችው በኋላ ስለ ግድግዳው አሰበች። መሐንዲሶቹ የሠሩት ሰው ሰውን ሳይለምን፣ ሳያስቸግር፣ በራሱ የሚጠገን ከተማ እንዲኖር ነበር። ሥዕሉ ላይ የወጣው ግን የብረት ውፍረት ብቻ አልነበረም። ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ በማን ደጅ ማንም እንደማይቆም፣ ማን ስንት ጊዜ ብቻውን እንደዋለ ከተማው በሙሉ ተዘርግቶ ነበር። ነገ ያ ሥዕል አደባባይ ሲሰቀል ብዙ ሰው የማያውቀውን ጎረቤቱን በር ማንኳኳቱ አይቀርም፤ አንዱ በሐዘኔታ፣ ሌላው በፍርሃት። ለብረቱ ሁለቱም አንድ ነው።

ዳሳሿን ቅባት ቀብታ በጥንቃቄ ተጫነች። አርባ ሦስት አለ።

"ስንት ደረሰ?" አለ ገመቹ።

ስንቅነሽ ለኪ ከሆነች ጀምሮ የሐሰት ልክ ተናግራ አታውቅም። ባልንጀሮቿ አንዲት ሚሊሜትር ሲያድበሰብሱ አይታ ስንቱን ኮንናለች።

"ሠላሳ ስድስት" አለች።

ገመቹ ሌሊቱን ሙሉ ከሩቅ የእንፋሎት መለኪያ ሲያነብ የሚያድር ሰው ነው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጭኗ ላይ ያለውን ሰሌዳ አየ፣ ቀጥሎ እሷን አየ፣ ከዚያም ተስተካክሎ ጀርባውን መልሶ ለጠፈ።

"እንግዲያ ገና ብዙ ይቀረናል" አለ፤ የአጎቱን በሬ ነገርም ካቆመበት ቀጠለ።